በራችሁ ላይ ያለው ገንዘብ፦ የኮሌጅ ሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ገቢ ማሳደጊያ መመሪያ

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ሳውዝ ካሮላይና አዮዋን 87 ለ 75 ያሸነፈበትን የአሜሪካ ኮሌጅ ሴቶች ቅርጫት ኳስ የፍጻሜ ጨዋታ በአማካይ 18.9 ሚሊዮን ሰው በቴሌቪዥን ተከታተለው። በዚያው ዓመት የወንዶቹን ፍጻሜ ያየው 14.8 ሚሊዮን ነበር። ከዚያ ወዲህ በየኮሌጁ የስፖርት ክፍል «የእኛስ ድርሻ የት አለ?» የሚል ጥያቄ በዝቷል። የቴሌቪዥኑ ገንዘብ አስቀድሞ የሚገባው የኮሌጅ ስፖርትን ለሚመራው ማኅበር ለኤንሲኤኤና ኮሌጆቹ ተቧድነው ለሚወዳደሩባቸው ኮንፈረንሶች ነው። ከፍተኛው ደረጃ በሆነው ዲቪዚዮን አንድ ካሉት ከ350 በላይ ቡድኖች ለአብዛኞቹ የሚደርሳቸው ቁራሽ ብቻ ነው። የአዮዋዋን ኮከብ ኬትሊን ክላርክን የምታህል ተጫዋች ደግሞ ለሁሉም ኮሌጅ አትገኝም።

አንድ መካከለኛ ቡድን በራሱ ጥረት ሊያሳድገው የሚችለው ገንዘብ በገዛ በሩ ላይ ነው ያለው፤ ዛሬ ባዶ የሆኑ ወንበሮች፣ በነጻ የሚበተኑ ትኬቶችና ለወንዶቹ ቡድን ስፖንሰር በምርቃት የሚሰጡ ማስታወቂያዎች። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ከ3,000 እስከ 6,000 ወንበር ባለው አዳራሽ ለሚጫወትና በዓመት 15 ገደማ ጨዋታ በሜዳው ለሚያስተናግድ ቡድን ነው። ሰዓቶቹ ሁሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ሂሳቡን አጥሩ

ኮሌጆች ስለ ስፖርት ክፍላቸው በየዓመቱ ለፌደራሉ መንግሥት የሚያቀርቡት የፍትሐዊነት ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት ነው። ከፍታችሁ ብታዩት የብዙ ሴቶች ቡድን ገቢና ወጪ እስከ መጨረሻዋ ዶላር እኩል ሆኖ ታገኙታላችሁ። ቡድኑ ያን ያህል ስላገኘ አይደለም፤ ጉድለቱን ለመሙላት ኮሌጁ የመደበው ድጎማ ገቢ ተብሎ ስለተመዘገበ ነው። በዚያ ቁጥር ላይ ዕቅድ አይቆምም።

ስለዚህ ወደ ስፖርት ክፍሉ ሂሳብ ሹም ሂዱና ያለፉትን ሦስት ዓመታት ገቢ በሰባት መስመር ለይቶ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፦ ትኬት፤ ልገሳ፤ ስፖንሰር፤ በጨዋታ ቀን የሚሸጥ ምግብ፣ ማሊያና የመኪና ማቆሚያ፤ ከኮንፈረንስና ከኤንሲኤኤ የሚመጣ ድርሻ፤ ሌላ ሜዳ ሄዶ በመጫወት የሚገኝ ክፍያ፤ የበጋ ካምፕ። ከጎኑ አንድ ጨዋታ ለመክፈት የሚወጣውን አስጽፉ። ይህም የበር ሠራተኛ፣ ጥበቃ፣ ዳኛ፣ ጽዳት፣ የድምፅና የስክሪን ባለሙያ ነው። ይህ ወጪ 400 ሰው ቢመጣም 1,400 ቢመጣም ብዙ አይለዋወጥም። ሁለተኛው ሺህ ተመልካች ከመጀመሪያው ይልቅ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ከትኬት ቢሮው ለእያንዳንዱ ጨዋታ ሦስት ቁጥር ውሰዱ፦ ስንት ተሸጠ፣ ስንት በነጻ ወጣ፣ ስንት በር ላይ ስካን ተደረገ። ለጋዜጣ የሚነገረው የተመልካች ቁጥር ብዙ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ድምር ነው፤ ወንበር ላይ የተቀመጠውን ሰው አያሳይም። እንበል የተነገረው 1,100 ነው፣ ስካን የተደረገው ግን 620። የጎደሉት 480 ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ነጻ ትኬት ወስዶ ያልመጣ ነው፤ ሳይከፍል የያዘውን ነገር መተው ለማንም አይከብድም። ሁለተኛው ከፍሎ ያልመጣ ነው፣ እሱ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ትኬቱን የማያድስ ሰው ነው። የዓመት ትኬት ገዝቶ ሦስት ተከታታይ ጨዋታ የቀረ ሰው ስም በየሳምንቱ ተለይቶ ይውጣ፤ አንድ ሰውም በዚያው ሳምንት ይደውልለት። የቀረበት ምክንያት ሕመም፣ የሥራ ሰዓት ወይም የመኪና ማቆሚያ ከሆነ ገና ይስተካከላል። በኤፕሪል ቢደወልለት ግን ልቡ አንዴ ሄዷል።

ሽያጭ ሳይጀመር የሚፈረም ወረቀት

ብዙ ጥረት የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ቡድኑ 80,000 ዶላር ተጨማሪ ያመጣል፤ በሚቀጥለው በጀት ኮሌጁ የሚሰጠው ድጎማ በ80,000 ይቀነሳል። አሰልጣኟ አዲስ ረዳት ልቅጠር ስትል «ገንዘቡማ ወደ አጠቃላይ ሂሳብ ገብቷል» ትባላለች። ለጋሾች ይህን ሲሰሙ ኪሳቸውን ይዘጋሉ።

መፍትሔው ከስፖርት ዳይሬክተሩ ጋር የሚፈረም የአንድ ገጽ ስምምነት ነው። ያለፉት ሦስት ዓመታት አማካይ ገቢ እንደ መነሻ ይያዝ። ከመነሻው በላይ ከሚመጣው ዶላር የተወሰነ እጅ፣ ለምሳሌ 60 በመቶው፣ በቡድኑ የተለየ ሂሳብ ይቀመጥ፤ ቀሪው ለስፖርት ክፍሉ ይሂድ። ኮሌጁ መደበኛ በጀቱን በገቢው ዕድገት ምክንያት እንደማይቀንስ ይጻፍ። ክፍሉም ድርሻ ስላለው የትኬት ቢሮውና የማርኬቲንግ ሰዎቹ በፈቃዳቸው ይሠራሉ። ሴት ስፖርተኞችን በእኩል የማስተናገድ ግዴታ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በታይትል ናይን ሕግ ኮሌጁ ላይ የተጣለ ነው፤ ቡድኑ ራሱን ቻለ ተብሎ የሚነሳ ግዴታ አይደለም። ይህን ስምምነት ሳትይዙ ወደ ሽያጭ አትግቡ።

የጨዋታ ቀንና ሰዓት

የኮንፈረንሱ ጨዋታዎች ቀን ከእጃችሁ ውጭ ነው። ከኖቬምበር እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ያሉትን ግን ራሳችሁ ታወጣላችሁ፤ በኮንፈረንስ ጨዋታም የመጀመሪያውን ሰዓት ማስለወጥ ብዙ ጊዜ ይቻላል። ለቤተሰብ የሚመቸው እሑድ ከቀኑ 2 ሰዓት ነው። በብዙ ግዛቶች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቅርጫት ኳስ ማክሰኞና ዓርብ ማታ ስለሚደረግ፣ በእነዚህ ምሽቶች ጨዋታ ስታስገቡ ዋነኛ ደንበኞቻችሁን ራሳችሁ ታባርራላችሁ። ልጃገረዶቹ ሜዳ ላይ ናቸው፤ ወላጆቻቸውም እነሱን እያዩ ነው። ከወንዶቹ ቡድን ጋር በአንድ ትኬት ሁለት ጨዋታ ማሳየትም ይቅር። አዳራሹ የሞላ ይመስላል፤ ሂሳቡ ላይ ግን ገቢው በሙሉ የወንዶቹ ተብሎ ይመዘገባል፣ ተመልካቹም የሴቶቹን ጨዋታ እንደ ማሟሟቂያ መቁጠር ይለምዳል።

ነጻ ትኬትን ማቆም

በቢሮው በኩል የሚወጣ ነጻ ትኬት በየቦታው አለ፤ ለሠራተኞች፣ ለነዋሪዎች፣ «አዳራሹ ባዶ እንዳይመስል» ለሚጠራ ሁሉ። አንድ ሰው ሦስት ጊዜ በነጻ ከገባ በኋላ 10 ዶላር ክፈል ሲባል የተዘረፈ ያህል ይሰማዋል። ዋጋው ዜሮ እንደሆነ ያስተማርነው እኛው ነን። የተጫዋቾች ቤተሰብ ትኬት በደንቡ መሠረት የተፈቀደ ስለሆነ እሱን አትንኩት። የኮሌጁ ተማሪዎችም በነጻ ይግቡ፣ ጩኸቱ የሚመጣው ከእነሱ ነው። ከዚህ ውጭ ያለው ትኬት ሁሉ ከፋይ ይኑረው። ከፋዩ ተመልካቹ ራሱ መሆን የለበትም፤ ባንክ፣ ሆስፒታል ወይም የመኪና ሻጭ ሊገዛለት ይችላል። ትኬቱ ላይ «የዚህን ወንበር ዋጋ የከፈለው እገሌ ነው» ተብሎ ዋጋው ይታተም።

ማቆሙ በአንድ ቀን አይሁን። በመጀመሪያው ዓመት ነጻውን በግማሽ ቀንሳችሁ ሲወስዱ ለኖሩት የ5 ዶላር ትኬት አቅርቡ። የሚነገረው የተመልካች ቁጥር በዚያ ዓመት ይወርዳል፤ ዳይሬክተሩ ከጋዜጣ ላይ አንብቦ እንዳይደነግጥ ቀድማችሁ ስካን የተደረገውን ቁጥር አሳዩት።

የዓመት ትኬት

የአዳራሹን ካርታ አውጥታችሁ ላይኛውን ፎቅ በመጋረጃ ዝጉት። 800 ሰው በ5,000 ወንበር ላይ ሲበተን ባዶ ቤት ነው። ያው 800 ሰው ታችኛውን ክብ ሲሞላው ግን ድምፁ ራሱ ትኬት ይሸጣል። ላይኛው የሚከፈተው ታችኛው በስካን 85 በመቶ ሲደርስ ብቻ ይሁን።

ከዚያ በሜዳው መሃል በሁለቱም ጎን ያሉትን 120 ገደማ ወንበሮች ለይታችሁ ዋጋቸውን ከሌላው እጥፍ አድርጉ። ብዙ ቡድኖች ሁሉንም ወንበር በአንድ ዋጋ ይሸጣሉ። ውጤቱ ለ15 ዓመት አሰልጣኟ ጀርባ የተቀመጠው ሰውና ጥግ ላይ ያለው አዲስ ገዢ እኩል መክፈላቸው ነው። ነባሮቹ በጭማሪው እንዳይቆጡ ለሁለት ዓመት በየዓመቱ ግማሹን ጭማሪ ብቻ ክፈሉ በሏቸው፤ ስማቸው ያለበት የወንበር ሰሌዳ ስጧቸው፤ ቅድሚያ መብታቸውም በጽሑፍ ይሁን። ክፍያ በአራት ወር ተከፋፍሎ ከካርድ እንዲቆረጥ አድርጉ፤ ብዙ ጡረተኛ ደንበኛ 220 ዶላር በአንዴ ለማውጣት ይከብደዋል፣ በወር 55 ግን አይከብደውም።

ሽያጩን የሚሠራው ስልክ ነው። ኢሜይል ያስታውሳል እንጂ አይሸጥም። አንድ ሻጭ ለሴቶች ቡድን ብቻ ይመደብ፤ የአሜሪካ ፉትቦልንም የወንዶቹን ቅርጫት ኳስም የሚሸጥ ሰው ትልቁ ኮሚሽን ወዳለበት ይሄዳል። አዲስ ደንበኛ የሚፈለገው በመጀመሪያ ባለፉት ሁለት ዓመታት ነጠላ ትኬት ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ ከገዙት መካከል ነው፤ ሁለተኛ በከተማው የልጃገረዶች ቅርጫት ኳስ ክለቦች ወላጆች፣ ሦስተኛ በቀድሞ ተጫዋቾች፣ አራተኛ በኮሌጁ ጡረተኞች ዘንድ። የሴቶች ቅርጫት ኳስ ታማኝ ተመልካች በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰዎችና ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ናቸው፤ ማርኬቲንግ ክፍሎች ግን ማስታወቂያቸውን ሁሉ ለሃያዎቹ ዕድሜ ይሠሩታል።

ሳውዝ ካሮላይናን ተመልከቱ። አሰልጣኟ ዶን ስቴሊ እ.ኤ.አ. በ2008 ስትቀጠር አዳራሹ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ቡድኑ በተመልካች ብዛት ከአገሪቱ ቀዳሚ የሆነው የመጀመሪያውን ዋንጫ ካነሳበት ከ2017 በፊት ነው። ዋንጫው ሲመጣ አዳራሹ አስቀድሞ ተሞልቶ ነበር።

የትምህርት ቤቶች ቀን

አንድ ቡድን በዓመት አንድ ነገር ብቻ የመሥራት አቅም ካለው ይህን ይሥራ። በሥራ ቀን ረፋድ ላይ ጨዋታ ይደረጋል፤ ከአካባቢው የአንደኛና መካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች ከመምህራኖቻቸው ጋር በአውቶቡስ ይመጣሉ። በሌላ ቀን 600 ሰው የሚገባበት አዳራሽ በዚያን ቀን ከ3,000 በላይ ልጆች ይይዛል።

ሰዓቱ 10:30 ይሁን። ጨዋታው ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ አውቶቡሶቹ ከሰዓት በኋላ ተማሪዎችን ወደ ቤት የማድረስ መደበኛ ሥራ ስላለባቸው እስከ 1:15 ትምህርት ቤት መመለስ አለባቸው። በ11:30 ጨዋታ ያስጀመረ ቡድን በሦስተኛው ሩብ መሃል አዳራሹ ሲራገፍ ያያል። ቀኑ በኖቬምበር ወይም በዲሴምበር መጀመሪያ ይሁን፤ በጃንዋሪ ትምህርት ቤቶች በበረዶ ሲዘጉ 3,000 ትኬት በአንድ ጠዋት ይሰረዛል።

ሽያጩ የሚጀመረው ከጨዋታው በፊት ባለው ኤፕሪልና ሜይ ነው፣ ርዕሰ መምህራን የሚቀጥለውን ዓመት የጉብኝት ቀንና የአውቶቡስ በጀት የሚያወጡት ያኔ ነውና። በሴፕቴምበር የደወለ ሰው «ቀኑ ተይዟል» ይባላል። ዋጋው ለልጅ 6 ዶላር ቢሆን፣ ለአሥር ልጅ አንድ መምህር በነጻ። ሩብ ያህሉ ቀብድ በሴፕቴምበር መጨረሻ ይከፈል፤ ቀሪው ከጨዋታው 21 ቀን በፊት። ቀብድ ያልከፈለ ትምህርት ቤት 200 ልጅ አስመዝግቦ 90 ይዞ ይመጣል።

አሁን የአውቶቡሱን ሂሳብ ሥሩ። 3,200 ልጅ በአንድ አውቶቡስ 48 ሲሆን 67 አውቶቡስ ነው። በአንድ ጊዜ ስድስት አውቶቡስ ማራገፍ ቢቻልና እያንዳንዱ ዙር አምስት ደቂቃ ቢፈጅ፣ 12 ዙር፣ አንድ ሰዓት ሙሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው አውቶቡስ 9:15 መድረስ አለበት፤ ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት የመድረሻ ሰዓትና የበር ቁጥር ተጽፎ ከአንድ ሳምንት በፊት ይላክ። በየአውቶቡሱ የፊት መስተዋት ላይ ትልቅ ቁጥር ይለጠፍ፤ ልጆቹ ሲወጡ የሚፈልጉት ያን ቁጥር ነው እንጂ ቢጫ ቀለምማ ሁሉም አላቸው። ሲመለሱ የተሳሳተ አውቶቡስ ላይ የተሳፈረ አንድ ልጅ ካለ በሚቀጥለው ዓመት ያ ትምህርት ቤት አይመጣም።

ምሳ አስቀድሞ በሣጥን ይታዘዝ፤ የምግብ አለርጂ ያለባቸው ተለይተው ይጻፉ። 3,000 ልጅ በእረፍት የ15 ደቂቃ ጊዜ ውስጥ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ቢሰለፍ ወረፋው በሩብ ሰዓት አያልቅም፤ መምህሩም የጠፋበትን ልጅ ይፈልጋል። የሣጥኑ ምሳ ግን ወንበሩ ድረስ ይሄዳል፣ ገንዘቡም ቀድሞ ገብቷል።

ትኬት መግዛት ለማይችሉ ትምህርት ቤቶች ስፖንሰር ፈልጉ። የአውቶቡሱ ኪራይ ብዙ ጊዜ ከትኬቱ ይበልጣል፤ ስለዚህ ስፖንሰሩን «ትኬት ግዛልን» ከማለት «የአሥር ትምህርት ቤቶችን አውቶቡስ ክፈል» ማለት ይቀላል፤ የሰጠውንም ነገር በዓይኑ ያየዋል። በመጨረሻ ለእያንዳንዱ ልጅ ወደ ቤት የሚወስዳት ካርድ ስጡ፦ በሚቀጥለው እሑድ ጨዋታ ወላጅ ትኬት ከገዛ ልጁ በነጻ ይገባል። የትምህርት ቤቶች ቀን ትክክለኛ ትርፍ በዚያ እሑድ በር ላይ ይታያል።

ሌሎች ቡድኖችና የማኅበረሰብ ቀን

አብረው ለሚመጡ ሰዎች የቡድን ትኬት ከ15 ሰው ጀምሮ ይሸጥ፤ ለልጃገረዶች ክለብ፣ ለስካውት፣ ለዳንስ ትምህርት ቤት፣ ለቤተ ክርስቲያን። ገዢው በምላሹ የሚፈልገው ቅናሽ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ልጆቹ በእረፍት ሰዓት ሜዳው ላይ ለአራት ደቂቃ ቢጫወቱ ወላጅ፣ አያትና አጎት ትኬት ይገዛል። አንድ ክለብ 12 ልጅ ይዞ ሲመጣ 45 ወንበር የሚሸጠው በዚህ መንገድ ነው።

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ በሲያትል፣ በሚኒያፖሊስ፣ በዳላስና በአትላንታ ዙሪያ ያሉ ኮሌጆች የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ በቅርባቸው አለ፤ ልጆቹም ቅርጫት ኳስ ይጫወታሉ። መንገዱ ማስታወቂያ መለጠፍ ሳይሆን የሰንበት ትምህርት ቤቱን አስተባባሪ፣ የማኅበረሰብ ማዕከሉን ኃላፊና የወላጆች ኮሚቴን በአካል ማግኘት ነው። ቅዳሴ ወጥቶ ጠበል ጻዲቁ እስኪያልቅ የእሑድ 12 ሰዓት ጨዋታ አይታሰብም፤ 2 ወይም 3 ሰዓት ይሻላል። በአማርኛ የሚወጣ ወረቀት ላይ «ከቀኑ 2 ሰዓት» ብሎ መተው አደጋ አለው፤ አንዱ በአሜሪካ፣ ሌላው በአበሻ አቆጣጠር ያነበዋል። «በአሜሪካ ሰዓት 2፣ በኢትዮጵያ 8 ሰዓት» ተብሎ ይጻፍ። በገና ጾም ወራት የሚውል ጨዋታ ከሆነ የምግብ መሸጫው ቢያንስ አንድ የጾም ምግብ ይያዝ፤ ሆት ዶግና አይብ ያለበት ናቾ ብቻ ካለ 80 ሰው ምንም ሳይገዛ ይወጣል።

ስፖንሰር

በመጀመሪያ የማስታወቂያ መብቱ የማን እንደሆነ አጣሩ። ብዙ ኮሌጆች የስፖርታቸውን የማስታወቂያና የስርጭት መብት እንደ ለርንፊልድና ፕሌይፍላይ ላሉ ኩባንያዎች በረጅም ውል ሸጠዋል። የሴቶች ቡድን ማስታወቂያ በውሉ ውስጥ ካለ ራሳችሁ ወጥታችሁ ብትሸጡ ውል ታፈርሳላችሁ። በዚያ ሁኔታ የሚደረገው ኩባንያው የሴቶቹን በዋጋ ለይቶ እንዲሸጥና በየሦስት ወሩ ለብቻው እንዲያሳውቅ በስፖርት ዳይሬክተሩ በኩል መጠየቅ ነው። ትልቁ ኪሳራ ያለው እዚህ ነው፦ ሻጩ የፉትቦል ስፖንሰሩን ለማስደሰት «የሴቶቹን ቅርጫት ኳስ እጨምርልሃለሁ» ይላል፤ ያ ምርቃት የቡድኑን የገበያ ዋጋ ለዓመታት ዜሮ ያደርገዋል።

ከዚያ የምትሸጡትን ቁጠሩ። የኮሌጅ ሴቶች ጨዋታ እ.ኤ.አ. ከ2015-16 ጀምሮ በአራት የ10 ደቂቃ ሩቦች ይካሄዳል፤ ወንዶቹ ግን አሁንም ሁለት አጋማሽ ነው ያላቸው። ስለዚህ የሴቶቹ ጨዋታ ከመሃል እረፍቱ ሌላ በአንደኛውና በሦስተኛው ሩብ መጨረሻ ሁለት ተፈጥሯዊ እረፍቶች አሉት። በነዚያ እረፍቶች የሜዳ ላይ ውድድር፣ የስክሪን መልእክትና የሙዚቃ ባንድ ቦታ ይሸጣል። ለጀማሪ 30 ዓይነት ማስታወቂያ ከመዘርዘር ስድስት ጥቅል በቂ ነው፤ ለእያንዳንዱ ዘርፍም አንድ ብቻ፣ አንድ ባንክ፣ አንድ ሆስፒታል፣ አንድ ግሮሰሪ። ብቸኛነቱ ዋጋ አለው። በ15 ጨዋታ 12,000 ዶላር የሚከፍል ስፖንሰር ለአንድ ጨዋታ 800 ከፈለ ማለት ነው፤ ለትንሽ ነጋዴ የአንድ ጨዋታ ጥቅል በ1,000 አቅርቡ።

የግብር ነገር አለ። የስፖንሰሩን ስም፣ አርማ፣ አድራሻና ስልክ ማሳየት ምስጋና ስለሆነ በአጠቃላይ ለኮሌጁ ግብር አያስከትልም። «በዚህ ሳምንት 20 በመቶ ቅናሽ፣ ኑና ግዙ» ሲባል ግን ማስታወቂያ ይሆንና ግብር ሊያስከትል ይችላል። የስክሪን ጽሑፉን ከመለቀቁ በፊት የኮሌጁ ግብር ባለሙያ ይየው። ሌላ ጥንቃቄ፦ በተማሪ ቪዛ ያሉ የውጭ አገር ተጫዋቾችን ለክፍያ ወደ ስፖንሰሩ መደብር አትላኩ፣ ቪዛቸውን ያለፈቃድ ሥራ አደጋ ላይ ይጥላል። ለአሜሪካዊቷ ተጫዋች ከስፖንሰሩ በቀጥታ የሚከፈላት 600 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ ውልም ተመዝግቦ መጣራት አለበት።

በየውድድር ዘመኑ መጨረሻ ለእያንዳንዱ ስፖንሰር ባለ ስድስት ገጽ ማስረጃ ውሰዱ፦ ፎቶ፣ ስንት ጊዜ ስክሪን ላይ እንደወጣ፣ ስካን የተደረገው ተመልካች፣ የተመለሰ ኩፖን። የሚታደሰው ውል በዚህ ወረቀት ላይ ይወሰናል።

ልገሳ

አሰልጣኟን ለብቻዋ ከመቶ ሰው ጋር ምሳ አታበሏት፤ 20 ሰው አምስት ጊዜ ይሻላል፣ ከእያንዳንዱ ጋር ለመነጋገር ጊዜ ይኖራታልና። የመጀመሪያው ግብ በዓመት ከ500 እስከ 1,000 ዶላር የሚሰጡ 60 ሰዎች ማግኘት ይሁን። «ቡድኑን ደግፉ» የሚል ልመና የሚያሳፍር ድምር ያመጣል። «የቪዲዮ መተንተኛውን ሥርዓት ለአንድ ዓመት»፣ «ከእሑድ ጨዋታ በኋላ የተጫዋቾችን እራት» ሲባል ግን ሰጪው የሚገዛውን ያውቃል። በተቆጠረው የሦስት ነጥብ ልክ ቃል መግባትም ጥሩ ነው፤ በአንድ ሦስት ነጥብ 5 ዶላር ያለ ሰው ቡድኑ በዓመቱ 200 ቢያገባ 1,000 ይከፍላል። ጣሪያ ይጻፍለት፤ ጥሩ ዓመት ሲመጣ ያልጠበቀው ሂሳብ የደረሰበት ለጋሽ ደስ አይለውም።

ከወንበር ጋር የተያያዘ ልገሳ ላይ ተጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ትኬት የመግዛት መብት የሚያስገኝ ልገሳ ከግብር አይቀነስም። ስለዚህ የወንበር ቅድሚያ ክፍያውና ንጹሑ ልገሳ በሁለት የተለያዩ ደረሰኞች ይውጡ። ለ250 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሆነ ልገሳ የጽሑፍ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ከ75 ዶላር በላይ ሰጥቶ እራት ወይም ማሊያ በምላሹ ላገኘ ሰው ደግሞ የምላሹ ዋጋ ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ይነገረው። ይህ ሲዘነጋ የሚጎዳው በማርች ግብሩን የሚያሠራው ለጋሽ ነው።

የቀሩት ምንጮች፣ በአጭሩ

ኤንሲኤኤ እ.ኤ.አ. ከ2025 ውድድር ጀምሮ ለሴቶችም የውጤት ክፍያ ጀምሯል፤ በመጀመሪያው ዓመት በድምሩ 15 ሚሊዮን፣ ቀጥሎ 20፣ ከዚያ 25 ሚሊዮን ዶላር። ገንዘቡ የሚገባው ለኮንፈረንሱ ስለሆነ የእናንተ ኮንፈረንስ እንዴት እንደሚያከፋፍል ይጠየቅ፤ ያላገኛችሁትን ድርሻ ግን በበጀት አትጻፉ። ሌላ ሜዳ ሄዶ ለክፍያ መጫወት ከወንዶቹ እጅግ ያንሳል፤ የጉዞውን ወጪ ቀንሳችሁ ቀሪው ከአንድ የሜዳችሁ ጨዋታ ትርፍ ካነሰ ይቅር። የበጋ ካምፕ ላይ በ250 ዶላር 80 ልጅ ቢመጣ 20,000 ይገባል፤ ካምፑ የኮሌጁ ይሁን የአሰልጣኟ በውል ይለይ፣ በሩም በደንቡ መሠረት ለሁሉም ክፍት ይሁን።

ሂሳቡ ሲሠራ

ለምሳሌ የያዝነው ቡድን ዛሬ 400 የዓመት ትኬት በ90 ዶላር (36,000)፣ በየጨዋታው 150 ነጠላ ትኬት በ10 (22,500)፣ በዓመት ለአሥር የቡድን ትኬት ገዢዎች ለእያንዳንዳቸው 40 ትኬት በ6 (2,400) ይሸጣል እንበል። ድምሩ 60,900 ነው። በሦስተኛው ዓመት 120 የመሃል ወንበር በ220 (26,400)፣ 630 ሌላ የዓመት ትኬት በ100 (63,000)፣ በየጨዋታው 220 ነጠላ ትኬት በ12 (39,600)፣ ለ60 የቡድን ትኬት ገዢዎች ለእያንዳንዳቸው 45 ትኬት በ7 (18,900)፣ የትምህርት ቤቶች ቀን 3,200 ልጅ በ6 (19,200)። ይህ 167,100 ይሆናል። በእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ አንድም ዋንጫ የለም፤ 750 የዓመት ትኬት ማለት በከተማው ውስጥ ወደ 350 ቤተሰብ ማለት ነው፤ ከዛሬው 400 ትኬት ተነስቶ እዚያ ለመድረስ በሳምንት አንድ አዲስ ቤተሰብ ገደማ ለሦስት ዓመት።

የሚቀጥለው ዓመት ሽያጭ የሚጀመረው የመጨረሻው የሜዳ ጨዋታ ባለቀ በ48 ሰዓት ውስጥ ነው፣ ሰዎቹ ገና ድምፃቸው ሳይመለስ። የማደሻ ቅጹ በዚያ ጨዋታ ወንበራቸው ላይ ይጠብቃቸው፣ ስማቸውና የወንበር ቁጥራቸው ተሞልቶ። ተጫዋቾቹ ከጨዋታው በኋላ ሜዳው ዳር ቆመው ቅጹን ይቀበሉ፤ እርሳስም አይጥፋ።